ከሦስት ቀን በላይ የማይቆይ ፕሮግራም ለምታወጡ ሰዎች

ቤት ስቀይር ከጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ሰባት ደብተር ወጣ። ሰባቱም የፕሮግራም ደብተር ናቸው። የሁሉም የመጀመሪያ ገጽ ያምራል፤ በማስመሪያ የተሰመረ፣ በሦስት ቀለም እስክሪብቶ የተጻፈ። «12:00 መነሳት። 12:10 ስፖርት። 12:40 ንባብ።» ሁለተኛው ገጽ ላይ ማስመሪያው ቀርቷል። ሦስተኛው ላይ ቀለሙ አንድ ብቻ ሆኗል። ከአራተኛው ገጽ በኋላ ባዶ ነው። አንዱ ደብተር ብቻ እስከ ስድስተኛው ገጽ ደርሷል። እሱም ቢሆን ስድስተኛው ገጽ ላይ ያለው የማላስታውሰው ሰው ስልክ ቁጥር ነው።

ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ሳገላብጣቸው መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ሰባቱም የሚጀምሩት «ከነገ ጀምሮ» ብለው ነው። ሰባቱንም የጻፍኳቸው ማታ ነው ማለት ነው።

ሥራዬ ጽሑፍ ማረም ነው። የሰው መጽሐፍ፣ ሪፖርት፣ አንዳንዴም የመመረቂያ ጽሑፍ ይመጣልኛል፤ ቤቴ ተቀምጬ የፊደልና የሰዋስው ስህተት እለቅማለሁ። የሚቆጣጠረኝ አለቃ የለም። ገብቼ ወጥቼ የምፈርምበት መዝገብ የለም። ሰው ሲሰማው ያስቀናል። እኔን ግን ለዓመታት መከራዬን ያበላኝ ይኸው ነው። አንድ ጊዜ አንድ ሥራ ከቀጠሮው 11 ቀን አሳልፌ አስረከብኩ። ደንበኛው አልተቆጣም። ዝም ብሎ ሁለተኛ አልደወለም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ነገሩን ከምር የያዝኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ስምንተኛው ደብተር ሞልቶ አሁን ዘጠነኛው ላይ ነኝ። የተዘለሉ ቀኖች ሞልተውታል፤ የተተወ ሳምንት ግን የለበትም። እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ልንገራችሁ። ከእኔ የበረታ ሰው ላያስፈልገው ይችላል። እንደኔ ለሆነው ነው የምጽፈው።

ማታ የሚያቅደውና ጠዋት የሚነሳው

ማታ ላይ ሁላችንም ጀግና ነን። የቀኑ ሥራ አልፏል፣ ስልኩ ጸጥ ብሏል፣ ነገ ደግሞ ገና ያልተነካ ነው። በዚህ ሰዓት እስክሪብቶ ያነሳ ሰው እጁ ሰፊ ነው። ስፖርቱንም፣ ቋንቋውንም፣ ንባቡንም ለነገው ሰውዬ ያሸክመዋል። ጠዋት የሚነሳው ግን ሌላ ሰው ነው። ዓይኑ አብጧል። ማን እንዳዘዘው አያውቅም፤ ቢያውቅም አይሰማም።

በዚያ ላይ አንድ ሥራ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ስንገምት እንሳሳታለን። ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ የተባሉት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ይህን ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1979 አንስተውታል። በ1994 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በማገባደድ ላይ ያሉ ተማሪዎችን «በስንት ቀን ትጨርሳላችሁ?» ብለው ጠየቁ። ግምታቸው በአማካይ 34 ቀን ገደማ ነበር። የፈጀባቸው 55 ቀን ከግማሽ ነው። እኔን ያሳቀኝ የቀረው ነው። «ሁሉ ነገር ቢበላሽስ?» ተብለው የሰጡት ግምት ራሱ ወደ 49 ቀን ነበር። የጨለመው ግምታቸው እንኳ አልደረሰበትም። የመመረቂያ ጽሑፍ ለእርማት ሲመጣልኝ ባለቤቱ «ትንሽ ነው የቀረኝ» ሲል ይህን አስታውሳለሁ። ዝም ብዬ እስቃለሁ።

ስለዚህ መጀመሪያ ፕሮግራም አታውጡ። አምስት ቀን ዝም ብላችሁ መዝግቡ። አንዱን ነገር ትታችሁ ወደ ሌላ በተሻገራችሁ ቁጥር ሰዓቱንና ነገሩን ብቻ ጻፉ። «3:10 እርማት። 3:25 ስልክ። 4:05 እርማት።» በቃ። አታሳምሩት፤ ማንም አያየውም። «ዛሬ ደግሞ ምን ነካኝ» እያላችሁ ራሳችሁን አትውቀሱበት። አምስቱን ቀን ልትሻሻሉም አትሞክሩ። ጨዋ ልሁን ያላችሁ ቀን መዝገቡ ይዋሻል።

የእኔ መዝገብ ሁለት ነገር አሳየኝ። አንደኛ፣ 20 ገጽ በአንድ ሰዓት አርማለሁ ብዬ አምን ነበር። ለዓመታት! መዝገቡ ሁለት ሰዓት ተኩል ይላል። በየቀኑ ሳልጀምር ከስሬ ነበር ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ከሰዓት በኋላ ከ8 እስከ 9 ሰዓት ድረስ የረባ ነገር ሠርቼ አላውቅም። አምስቱም ቀን። አንድ ዓረፍተ ነገር አራት ጊዜ አነባለሁ፤ ከዚያ መስኮት አያለሁ። በድሮው ፕሮግራሜ ግን በዚያ ሰዓት ላይ «ከባድ ሥራ» ብዬ ጽፌ ነበር። አሁን ሰዓቱን ለተራ ነገር ለቅቄዋለሁ። ኢሜይል እመልሳለሁ፣ ፋይል አስተካክላለሁ፣ ጠረጴዛ እጠርጋለሁ።

የእናንተ የሞተ ሰዓት ሌላ ይሆናል። ግን አለ። ፈልጉት፤ ከእሱ ጋር ግብግብ አትግጠሙ።

ሦስት ካስማ

የድሮ ፕሮግራሞቼ በየግማሽ ሰዓቱ የተከፋፈሉ ነበሩ። አንዱ ሲዘገይ የኋላው ሁሉ ይናዳል። 12:10 ላይ የነበረው ስፖርት 12:30 ከሆነ ንባቡ ቀረ፣ ንባቡ ከቀረ ቀኑ ቀረ።

አሁን ቀኔን የማቆመው እንደ ድንኳን ነው። ሦስት ካስማ እመታለሁ፤ ሸራው በነፋስ ቢወዛወዝ ግድ የለኝም። የመጀመሪያው ካስማ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ነው። ሁለተኛው 7 ሰዓት ላይ መነሳት፤ የምሠራው ቢጥመኝም ባይጥመኝም። ሦስተኛው 11 ሰዓት ተኩል ላይ መዝጋት። በመካከላቸው የሚሠራው ከቀን ቀን ይለያያል፤ ሰዓት አልሰጠውም፤ ቅደም ተከተል ብቻ እሰጠዋለሁ።

ከሦስቱ ካስማዎች ሰው የሚንቀው የመጨረሻውን ነው። እኔም ንቄው ነበር። ግን ማታ 4 ሰዓትም መሥራት እንደምችል ካወቅሁ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ለምን እቸኩላለሁ? «ማታ አለልኝ» እላለሁ። ማታ ደግሞ ደክሞኛል። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ኮምፒውተሩ እንደሚዘጋ ከልቤ ሳምን ነው ጠዋት እጄ የሚፈታው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሥራ ሳይጨረስ እንኳ ዘጋሁ። ያማል። ግን ካልዘጋሁት ራሴን አላምነውም።

ሰዓታችሁ በእጃችሁ ካልሆነ ካስማውን ከሰዓት ጋር አትሰሩት። ፈረቃ የምትሠሩ፣ ትንንሽ ልጆች ያላችሁ፣ የታመመ ሰው የምታስታምሙ፣ ካስማችሁ ክስተት ይሁን። «ልጆቹ ከወጡ በኋላ»፣ «ከፈረቃ ገብቼ ልብሴን እንደቀየርኩ»። ሰዓቱ ቢሸሽም ክስተቱ መምጣቱ አይቀርም።

እዚህ ላይ ቤንጃሚን ፍራንክሊንን ላንሳ። በ18ኛው መቶ ዘመን የኖረው አሜሪካዊ አታሚና ፖለቲከኛ ማለቴ ነው። የእሱን የቀን ፕሮግራም ያላዩ ጥቂት ናቸው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሳል፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት ይተኛል። ጠዋት «ዛሬ ምን በጎ ነገር እሠራለሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ሰዎች ይህን እያነሱ ያሳፍሩናል። ግን ሰውየው ራሱ የጻፈው ቀጣይ አለው። ለራሱ ካወጣቸው 13 በጎ ምግባሮች ውስጥ ከሁሉ የከበደው ሥርዓት የሚለው ነው። ነገርን በቦታው፣ ሥራን በሰዓቱ ማድረግ ማለት ነው። ምክንያቱንም ነግሮናል። የራሱ ሥራ ያለው ሰው ከብዙ ሰው ጋር ይውላል፤ ሰዎቹም የሚመጡት ለእነሱ በተመቻቸው ሰዓት ነው። ይህን ሳነብ ከትከሻዬ ላይ አንድ ኩንታል ነገር የወረደ መሰለኝ። በፕሮግራሙ ዝነኛ የሆነው ሰውዬ ራሱ አልሆነለትም!

ስለዚህ ሰዎች የሚገቡበት ቀዳዳ ተዉ። እኔ በጠዋቱ የአንድ ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላም የአንድ ሰዓት ጊዜ ባዶ እተዋለሁ። ማንም ካልመጣ ተረፈኝ። ከመጣም የተናደደ ፊት አላሳየውም።

ወኔ ሳይመጣ መጀመር

«ሙዴ ሲመጣ እጀምራለሁ» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ሙድ የሚባለው ነገር ግን ከጀመርኩ በኋላ ነው የሚመጣው፤ ያውም ከ10 ደቂቃ ወይም ከ15 ደቂቃ በኋላ። ከመጀመሬ በፊት ያለው ስሜት ሁልጊዜ አንድ ነው። ዛሬ ባይሆንስ የሚል።

ስለዚህ ጥያቄዬን ቀየርኩ። እንዴት ልነሳሳ ማለቱን ትቼ፣ ሳልነሳሳ የምገባበትን በር እንዴት ላጥብበው አልኩ። በሩ ይህ ነው። ማታ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ስዘጋ ገጽ አልጨርስም። መሃል ላይ አቆማለሁ። የታተመውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ እተወዋለሁ፤ ቀይ እስክሪብቶዬን ክዳኑን ነቅዬ ያቆምኩበት መስመር ላይ አጋድመዋለሁ። (አዎ፣ ክዳኑን ነቅዬ። ቀለሙ ትንሽ ይደርቃል። ይድረቅ።) ጠዋት ስቀመጥ የሚጠበቅብኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። እስክሪብቶው የተኛበትን አንቀጽ ጮክ ብዬ ማንበብ። ማረም አይደለም፤ ማንበብ ብቻ።

ጠዋት ጠዋት የሚሆነው ይኸውላችሁ። እቀመጣለሁ። ሰውነቴ ሌላ ቦታ ነው። «ያም ሆነ ይህ ኮሚቴው» ብዬ በጎረነነ ድምፅ እጀምራለሁ። ሁለተኛው መስመር ላይ «ውሳኔውን ውሳኔ አሳልፏል» ይላል። እጄ ሳላዘው አንዱን «ውሳኔ» ይሰርዘዋል። አለቀ። ገብቻለሁ። ያልተጨረሰ ዓረፍተ ነገርና የተጋደመ እስክሪብቶ ወኔ ከሚሉት ነገር የበለጠ ሥራ ሠርተውልኛል።

የእናንተ ሥራ ሌላ ከሆነ በሩን በልኩ ሥሩት። ስፖርት ከሆነ ጫማውን አድርጋችሁ ደጅ መቆም። ጥናት ከሆነ ትናንት ያቆማችሁበትን ጥያቄ በእጅ መገልበጥ። ሁለት ደቂቃ የማይሞላ፣ ማሰብ የማያስፈልገው፣ ስታደርጉት የማታፍሩበት ነገር ይሁን።

ሌላው «ይህ ሲሆን ያንን አደርጋለሁ» ብሎ አስቀድሞ መወሰን ነው። ፒተር ጎልዊትዘር የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ይህን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጥንቶታል። በአንዱ ጥናት ላይ ተማሪዎች በበዓል ሰሞን አንድ አጭር ጽሑፍ በሁለት ቀን ውስጥ እንዲጽፉ ተጠየቁ። መቼና የት ቁጭ ብለው እንደሚጽፉ አስቀድመው ከወሰኑት ከአራቱ ሦስት ያህሉ ጻፉ። ካልወሰኑት ግን ከሦስቱ አንድ ያህሉ ብቻ። ፍላጎት ሁሉም ጋ ነበር፤ የቀረው ቦታና ሰዓት ነው። ስለዚህ «ጠዋት አነባለሁ» አትበሉ። «ፊቴን ታጥቤ እንደወጣሁ መስኮቱ ጋ ያለው ወንበር ላይ አነባለሁ» በሉ። ወንበሩ ይኑርበት።

ስልክን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። የእኔ ሌሊት የሚያድረው ሌላ ክፍል ቁም ሳጥን አናት ላይ ነው። መቀስቀሻዬ ተራ የጠረጴዛ ሰዓት ነው፤ ድምፁ ይቀፋል። እንቅልፍም እንዲሁ። የምትተኙበትን ሰዓት ማስገደድ ከባድ ነው፤ የምትነሱበትን ግን አንድ ማድረግ ይቻላል። ሰዓቱ ሲጸና መኝታውም ቀስ እያለ ይከተላል። ከእንቅልፍ እንደነቃችሁ ጭንቅላት የሚደነዝዝበት ጊዜ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይቆያል። እዚያ ላይ ከባድ ነገር አታስቀምጡ። ጠዋት 12 ሰዓት ከአልጋ ወርዶ 12:10 ላይ ስፖርት የሚለውን የድሮ ፕሮግራሜን ያከበደው ይህ ነው።

የተበላሸ ቀን

ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው። ጥሩ ቀን ፕሮግራም መጠበቅ ማንም ይችላል። ደብተሮቼ የሞቱት በመጀመሪያው መጥፎ ቀን ነው። ሰባቱም።

የቅርቡን አንድ ማክሰኞ ልንገራችሁ። 2 ሰዓት ተኩል ላይ ተቀምጫለሁ። 3 ሰዓት ከሩብ ላይ እህቴ ደወለች። ልጇ አተኩሶታል፣ እሷ ሥራ ላይ ናት፣ ሰው የለም። ሄድኩ። ሐኪም ቤት፣ ወረፋ፣ መድኃኒት፣ ከዚያ ልጁ እስኪተኛ መጠበቅ። ቤቴ የተመለስኩት 10 ሰዓት ሊሆን 20 ደቂቃ ሲቀረው ነው።

የድሮው እኔ በዚህ ሰዓት ምን እንደሚል አውቃለሁ። «ዛሬማ ቀኑ አልቋል። ነገ በአዲስ መንፈስ።» ነገ ረቡዕ ነው፤ ረቡዕ ደግሞ አይመችም፣ የሳምንቱ መሃል ነው። «ባይሆን ከሰኞ ልጀምር።» ሰኞ! በሰኞ ላይ የጫንነው ሸክም ቢቆጠር ቀኑ ራሱ ከሳምንት ውስጥ ይጠፋ ነበር።

አሁን ያለኝ የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው። ቀን አይበላሽም፤ የሚበላሸው ያለፈው ሰዓት ነው። ቀጣዩ ግማሽ ሰዓት ገና አልተነካም። ለዚህ ብዬ የክፉ ቀን ፕሮግራም አለኝ። ደብተሩ የኋላ ሽፋን ላይ ተለጥፏል። ሦስት መስመር ነው። 15 ደቂቃ እርማት። 10 ደቂቃ መልእክት፤ የሚጠብቀኝ ሰው ካለ «ነገ» ማለት። 5 ደቂቃ ጠረጴዛውን ለነገ ማዘጋጀት። 30 ደቂቃ። ያን ማክሰኞ 10 ሰዓት ላይ ተቀምጬ ሁለት ገጽ አረምኩ። ሁለት ገጽ ምንም ነው። ነገር ግን ረቡዕ ጠዋት እስክሪብቶው ተጋድሞ ጠበቀኝ።

የክፉ ቀን ፕሮግራማችሁን ዛሬ ጻፉት፤ ክፉው ቀን ሲመጣ የመጻፍ አቅም አይኖርም። እስኪያስቅ ድረስ አሳንሱት። አተኩሷችሁም፣ ተጣልታችሁም፣ መብራት ጠፍቶም የሚሠራ ካልሆነ ገና ትልቅ ነው።

ሁለተኛው ሕግ ዕዳ አለመክፈል ነው። ትናንት ያልሠራሁትን አምስት ሰዓት ዛሬ ላይ አልደርብም። ደርቤ አይቻለሁ። የዛሬው 14 ሰዓት ይሆናል፣ ያም አይሞላም፣ ነገ 16 ይሆናል፣ ሐሙስ ላይ ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ እከተዋለሁ። የማስረከቢያ ቀን ከተነካ ለሰውዬው ደውሎ እውነቱን መናገር ይሻላል። ቀኑን ቀድማችሁ ከነገራችሁት ብዙ ሰው ይታገሳል። የሚያስቆጣው ዝምታው ነው።

አንድ ቀን መሳት ያን ያህል አይጎዳም ስል ከኪሴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ጥናት 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንታት ተከታትሏል። እያንዳንዱ አንድ አዲስ ልማድ መርጦ በየቀኑ ይሞክራል። ነገሩ ሳያስቡት የሚደረግ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ፈጀ። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው፤ በስሌታቸው ከ18 እስከ 254 ቀን ይደርሳል። መሃል ላይ አንድ ቀን መዝለል ደግሞ ሂደቱን ያን ያህል አላወከውም። «በ21 ቀን ልማድ ይሆናል» የሚባለውን እንግዲህ እርሱት። በ22ኛው ቀን አሁንም ከከበዳችሁ የተበላሸ ሰው ስለሆናችሁ አይደለም።

ሦስተኛው ዓምድ

የደብተሬ ገጽ ሦስት ዓምድ አለው። ግራው «ያሰብኩት»፣ መሃሉ «የሆነው»፣ ቀኙ ጠባብ ነው፤ «ለምን» ይላል። ግራና መሃሉ ሲለያዩ ቀኙ ላይ አንድ ቃል እጽፋለሁ። አንድ ቃል ብቻ፤ ሰበብ ለማብዛት ቦታ የለውም።

አንድ ጊዜ ለስምንት ቀን ግራው ዓምድ ላይ «ለደራሲው ደብዳቤ» ይል ነበር። 340 ገጽ መጽሐፍ እያረምኩ ነው። ምዕራፍ 3 ምዕራፍ 1ን ይደግመዋል፤ ይህንን ልነግራቸው ይገባል። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ለዓመታት የደከሙበት ነው። መሃሉ ዓምድ ስምንቱንም ቀን ባዶ ነው። ቀኙን ላንብብላችሁ። «ሰነፍኩ። ሰነፍኩ። ሥራ በዛ። ሰነፍኩ። ረሳሁ። ሥራ በዛ። ሰነፍኩ።» ስምንተኛው ቀን ላይ እስክሪብቶውን ይዤ ትንሽ ቆየሁና «ፈራሁ» ብዬ ጻፍኩ።

ቃሉ እንደወጣ ሥራው ሌላ ሆነ። ስንፍና ቢሆን መድኃኒቱ መበርታት ነው፤ ስምንት ቀን በርትቼ አየሁት፣ አልሠራም። ፍርሃት ከሆነ ግን «ምንድን ነው የምፈራው?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። የፈራሁት የመጀመሪያውን መስመር ነው። ስለዚህ ከመጨረሻው ጀመርኩ። የትኛው ገጽ የትኛውን እንደሚደግም በዝርዝር ጻፍኩ፤ ሰላምታውን በኋላ ጨመርኩበት። 22 ደቂቃ ፈጀ። እሳቸውም «እኔም ጠርጥሬ ነበር» ብለው መለሱ።

ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን፣ 15 ደቂቃ፣ ቀኙን ዓምድ ብቻ ከላይ እስከ ታች አንብቡ። የተደጋገመ ቃል ፈልጉ። «ስልክ» ዘጠኝ ጊዜ ካለ ስልኩ ቦታ ይቀይር። «ደከመኝ» ካለ ችግሩ ያለው ማታ ነው። «ሰው መጣ» ካለ ቀዳዳው ጠቧል። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ሁሉን በአንዴ የመቀየር አምሮት ሲመጣባችሁ ስምንተኛ ቆንጆ የመጀመሪያ ገጽ ልትጽፉ ነው ማለት ነው።

እግረ መንገዴን፣ አፕሊኬሽን የምትወዱ አትቀየሙኝ። አራት ጭኜ አውቃለሁ። አንዱን ለማስተካከል፣ ለየሥራው ቀለም ለመምረጥ አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ፈጀሁ። ሥራ የሠራሁ መሰለኝ። ለእናንተ ከሠራ ይሥራ፤ እኔ ግን ስልኬን ከፍቼ ፕሮግራሜን ብቻ አይቼ የዘጋሁበት ቀን የለም።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ

አዲስ ነገር ደስ ይላል። ደስታው ግን ሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ያልቃል። ምንም ሳይበላሽ ይሰለቻል። እኔን ያሻገሩኝ ሁለት ትንንሽ ነገሮች ናቸው።

አንዱ ጓደኛዬ ናት። እሷም እንደኔ ቤቷ ነው የምትሠራው። ማታ 12 ሰዓት ላይ አንዳችን «ዛሬስ?» እንላለን። መልሱ አጭር ነው። «ሁለት ቆመ፣ አንድ ወደቀ።» ምክር የለም፣ «በርቺ» የለም፣ ለምን ወደቀ የለም። መጀመሪያ ለአሥር ሰው ነግሬ ነበር፤ ስህተት ነው። ሁሉም አሞገሰኝ፤ ሙገሳው ራሱ የሠራሁ ያህል አጠገበኝ። አንድ ሰው በቂ ነው፤ ያውም የማያጨበጭብ።

ሌላው በየሩብ ዓመቱ አንዱን ካስማ ትንሽ ማንቀሳቀስ ነው። መቀመጫዬን ወደ ሌላ መስኮት አዞራለሁ፤ ወይም የመዝጊያውን ሰዓት በግማሽ ሰዓት አሳጥራለሁ። ሸራው ያው ነው፤ ነፋሱ ትንሽ ይለወጣል።

ራስን መሸለም የሚባለው ለእኔ አልሠራም። ሽልማቱን ሳልሠራ እወስደዋለሁ፤ ዳኛውም ተከሳሹም እኔው ነኝ።

አንድ ነገር ለይታችሁ ያዙ። ለሳምንታት ምንም ነገር ካላስደሰታችሁ፣ እንቅልፍ ከራቃችሁ ወይም ከአልጋ መውረድ ራሱ ተራራ ከሆነባችሁ፣ ያ የፕሮግራም ጉዳይ ላይሆን ይችላል። ደብተር አይፈታውም። የጤና ባለሙያ አናግሩ።

የዛሬውን ገጽ ላሳያችሁና ልነሳ። ግራው ዓምድ፦ «ይህን ጽሑፍ እስከ 5 ሰዓት መጨረስ።» መሃሉ፦ «6:50።» ቀኙ ላይ «ፍራንክሊን» ብያለሁ። 7 ሰዓት ሊሞላ 10 ደቂቃ ቀርቶታል።